ለግራ እጅ የተሠራው ቤዝ

ደርባን፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለኤዶም፣

የጌታችን ጸጋና ሰላም ባሕሩንና ተራራውን ተሻግሮ ሰበታ እናንተ ቤት ይግባ። እኔ አጎትሽ ይገዙ፣ ስሙ ይባረክ፣ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ እትዬ አጸደ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ጎረቤቶቻችሁን አንድም ሳታስቀሪ ሰላም በይልኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንዳትይ። ሦስተኛው ስልኬ ከተነጠቀ ወዲህ የያዝኩት ያችን ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ፎቶም አትቀበልም፣ ድምፅም አትቀበልም። ደግሞ በስልክ «ደህና ነኝ» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ወረቀት ሲሆን ሰው ቁጭ ብሎ የልቡን ይጽፋል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የባለሱቁ የከድሩ ወንድም የህያ ነው። ረጅሙም ሳጥን ያንቺ ነው። መጀመሪያ እሱን ክፈቺ፣ ከዚያ ንባብሽን ቀጥዪ።

ከፈትሽው? እንግዲህ ቤዝ ጊታር ነው። አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። የምሠራበት የቤት ዕቃ መሥሪያ ባለቤት ከሥራ በኋላ በማሽኖቹ እንድጠቀም ፈቀደልኝ። ገላው ከአንድ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ከተጣለ አግዳሚ ወንበር የወጣ ነው፤ መቶ ዓመት ሰው ሲቀመጥበት የኖረ ደረቅ እንጨት። አንገቱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱን ጥያለሁ። ክሮቹ ከላይ የሚያርፉበት ነጩ ነገር የበሬ አጥንት ነው፣ በሞረድ ያበጀሁት እኔው ነኝ። የኤሌክትሪኩን ሥራ ብቻ የሚያውቅ ሰው አሳየኝ።

ስታነሺው ይገባሻል፤ ለግራ እጅ ነው የተሠራው። ግራ እጅሽ ክሩን ይመታል፣ ቀኝሽ አንገቱን ይይዛል። እንዲህ ያለውን መርካቶ ዙሪያውን ብትዞሪ አታገኚውም።

ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ብሞት አፈሩ ይከብደኛል። አምስት ዓመትሽ ነበር፤ ሆሳዕና ከተማ፣ እናትሽ ቤት አብሬያችሁ ስኖር። ማንኪያውንም፣ እርሳሱንም፣ የምትወረውሪውንም ድንጋይ በግራሽ ነበር የምትይዢው። ከመስከረም እስከ ገና፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር፣ ግራ እጅሽን በመቀነት ከወገብሽ ጋር አስር የነበርኩት እኔ ነኝ። አታለቅሺም ነበር። ዓይን ዓይኔን ታዪኝ ነበር። እናትሽ የለችበትም፤ እሷን እንዳትጠይቂያት። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጨት በጨበጥኩ ቁጥር ያቺ ትንሽ እጅ ትመጣብኛለች። ቤዝ ተጫዋች መሆንሽን ሲነግሩኝ፣ እንግዲህ ጌታ መንገድ ሰጠኝ አልኩ። ያሰርኳትን እጅ በሕይወት ሳለሁ ልፍታት።

ተጫወቺበትና እጅሽ ምን እንዳለች ጻፊልኝ። እትዬስ አይታው ምን አለች?

አጎትሽ ይገዙ


ሰበታ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ያልተጨረሰ፣ ያልተላከ)

ጋሼ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሳጥኑን ስከፍት እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ይዤ እንደማላውቅ ገባኝ። አገላብጬ እስክጠግብ አየሁት። ከዚያ ማንጠልጠያውን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ አንገቱ በቀኜ በኩል ወጣ።

ጋሼ፣ እኔ ግራኝ አይደለሁም። ድሮ ነበርኩ። አሁን የምጽፈው በቀኜ ነው፣ የምበላው በቀኜ ነው፣ የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር የምቀጥለውም በቀኜ ነው። ቤዝም ከስምንት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ላይ የተማርኩት እንደ ማንኛውም ሰው በቀኜ እየመታሁ ነው። ይኼኛው ሁሉ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ዛሬ አንድ የማውቀውን መዝሙር ልሞክርበት ብል ጣቶቼ ትናንት እንደተፈጠሩ ሆኑብኝ።

መታሰሬንም አስታውሳለሁ። ግን እኔ በእርስዎ ላይ


ሰበታ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ይገዙ፣

ከሩቅ ሆነው የሚያስቡን አምላክ እጥፍ አድርጎ ያስብዎት። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። እኛ ደህና ነን፤ እናቴም ጉልበቷ ዝናቡ ሲቆም ይሻላታል።

ስጦታዎ ደርሶኛል። ቃል የለኝም ጋሼ። እጄ ሲገባ ለእኔ የተሠራ መሆኑ ወዲያው ታወቀኝ። ግራ እጄ ቤቷ የገባች ያህል ነው የሆነችው። እናቴ አየችው፣ መዳፏን በአንገቱ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፈችና ወደ ጓሮ ወጣች። ደስታ ይመስለኛል።

እሁድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ጉባኤው ፊት አውጥተው ጸለዩበት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው የራሱ መሣሪያ ሲኖረው የጉባኤው መሣሪያ ለሌለው አጥቢያ ይሰጣል። የምጫወትበት የነበረውን አሮጌ ቤዝ በዚያው ዕለት ዱከም ለሚገኘው አዲስ አጥቢያ ሰጡት። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ሌላም ዜና አለኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ያቤጽ የሰርግ ባንድ አቋቁሟል፤ ፉሪ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ እስከ ለገጣፎም ይሠራሉ። የራስሽ ቤዝ ካለሽ ቋሚ ነሽ ብሎኝ ነበር። ፋብሪካውን ለቅቄያለሁ። ስድስት ዓመት የጥጥ ብናኝ ስውጥ ኖሬ አሁን ነው ሳንባዬ አየር ያገኘው።

የሚመጣ ሰው ካገኙ ቀጠን ያሉ ክሮች ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። እነዚህ ለጊዜው ለጣቴ ትንሽ ጠንከር ይላሉ።

የእህትዎ ልጅ ኤዶም


ደርባን፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለኤዶም፣

እጆችሽን የሠራ ጌታ ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል በፕላስቲክ አደረግሁት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። እንቅልፍ ተኛሁ። ዓመታት ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ነገር ነበር፤ ደብዳቤሽ ከደረሰ ወዲህ ጎረቤቴ በር አንኳኩቶ ነው የሚያስነሳኝ። ባለፈው እሁድ እዚህ ያለችው የሐበሾች ጉባኤ ፊት ቆሜ ምስክርነት ሰጠሁ። ሕፃን አስሬ እንደነበረ፣ ለማንም ነግሬ እንደማላውቅ፣ አሁን ግን እጇ ተፈትታ ለጌታ እንደምትዘምር ተናገርኩ። ትልልቅ ሰዎች አለቀሱ። ፓስተሩ «እጅ የሚፈታ አምላክ» ብሎ ሰበከበት። እኔ እንጨት ጠራቢው መድረክ ላይ ስቆም ብታዪ ትስቂ ነበር።

ስለዚህ ቁርጤን ነግሬሻለሁ፤ የመኖሪያ ወረቀቴን አስተካክዬ ለፋሲካ እመጣለሁ። ሰርግ ይሁን ጸሎት ቤት፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያቺን ግራ እጅ ስትመታ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ወገቤ እንደፈለገ ይሁን።

እስከዚያው በወረቀት የታጠበ ፎቶ ላኪልኝ፣ እጅሽ የሚታይበት። ቀጫጭኖቹ ክሮች ከዚህ ጋር አሉ። ደግሞ ሰርግ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሙሽራው ሙሽራዋን ትቶ ቤዙን እንዳያይ።

እትዬ አጸደ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችልኝም። ተቀየመችኝ እንዴ?

አጎትሽ ይገዙ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ይገዙ፣

ሰላምዎ ይብዛ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎ። ለፋሲካ እንደሚመጡ ሰምተን በጣም ደስ ብሎናል። እናቴም ሰምታለች። ሰላም ብላዎታለች።

ፎቶውን ይቅርታ፣ የሰፈራችን ፎቶ ቤት መብራት የለም እያለ ያመላልሰኛል። ሥራ እየሠራን ነው። ፉሪ አንድ ሰርግ፣ ቡራዩ ሁለት ሠርተናል። ሰዎች ቤዙን በጣም ይወዱታል። አንድ አባት ቀርበው ፎቶ አነሱ፤ እኔን ሳይሆን ቤዙን። ያቤጽ ለጊዜው ቀላል ቀላሉን ብቻ ተጫወቺ፣ የቀረውን በኪቦርዱ እሸፍነዋለሁ ብሎኛል። አዲስ መሣሪያ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወርቅውሃ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። እሷ የምትጫወተው በቀኝ ነው። አንዳንድ ጊዜ እንድትዋሰኝ ክሮቹን ገልብጦ ማሰር ይቻላል? አጥንቱን በሌላ መቀየር፣ ከታች ያለውንም ብረት ማዛወር ያስፈልጋል? ቡራዩ ክራርና ጊታር የሚጠግኑ ኦቦ ጃለታ የሚባሉ ሰው አሉ፤ እሳቸው ይሠሩታል።

መልሱን ቶሎ ቢልኩልኝ። የካቲት አንድ ሱሉልታ ትልቅ ሰርግ ይዘናል፣ ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ ለጓደኛዬ ጥሩ ነበር።

ኤዶም


ደርባን፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ሰበታ የደረሰው የካቲት 18)

ለልጄ ለኤዶም፣

በምትወጪበትም በምትገቢበትም ጥበቃው አይለይሽ። የዘገየሁት ወረቀት ሳሳድድ ነው፤ እዚህ አንድ ማኅተም ለማግኘት ሦስት ቀን ሰልፍ ይቆማል።

ስለ ጠየቅሽው ነገር መልሴ አጭር ነው፦ አይገለበጥም። ለወርቅውሃም አታውሺያት፣ በእኔ አሳቢ። አንገቱን የጠረብኩት እኩል አድርጌ አይደለም። ወፍራሙ ክር የሚያልፍበትን ጎን አወፍሬ፣ ቀጭኑ የሚያልፍበትን አሳስቼ ነው የሠራሁት፣ እጅሽ እንዳይደክም። ክሮቹ ከተገለበጡ ወፍራሙ ክር በሳሳው ጎን ይጎትታል። መጀመሪያ ይጣመማል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ይህን ላይ ላዩን አይቶ ማንም ጠጋኝ ሊያውቀው አይችልም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ለሰው ደግ መሆንሽ ደስ ይለኛል። ግን ይኼ እንደ ድስት ለጎረቤት የሚሄድ ዕቃ አይደለም፣ ላንቺ እጅ ብቻ ነው የተሠራው። ፎቶውን አትርሺ።

አጎትሽ ይገዙ


ሰበታ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሰላምታውን ጨርሼ ወደ ነገሩ ለመግባት አቅም የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። ቤዙ ተሰብሯል።

ወርቅውሃ የምትባል ጓደኛ የለችኝም። በቀኝ የምጫወተው እኔ ነኝ። ያኔ ካሰሩኝ በኋላ እጄ አልተመለሰችም ጋሼ፤ ቤዙ በደረሰኝ በነጋታው የጻፍኩልዎ ደብዳቤ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ግማሹ ላይ ነው ያቆምኩት። እርስዎ አሥራ አራት ወር ደክመው «ልፍታት» ብለው ሲጽፉልኝ፣ አልፈታ ብላለች ብዬ እንዴት ልመልስልዎ? በሁለት ወር እለምደዋለሁ፣ ጋሼም ሳያውቁ ነገሩ ያልፋል አልኩ። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ምሳ እሞክር ነበር። የአሮጌው ቤዝ ነገር ያበቃው ሽማግሌዎቹ በጸለዩበት ቀን ነው። ለዱከም ከተሰጠ በኋላ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው፣ ምን ብዬስ ልጠይቅ? አዲስ ቤዝ አንጠልጥዬ?

ጥር ሙሉ በሰርጎቹ ላይ አራት ድምፅ ብቻ ይዤ ቆምኩ። ያቤጽ በኪቦርዱ ይሸፍነኝ ነበር። የሱሉልታው ሰርግ ሲቃረብ «እዚያ ላይ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እጠራለሁ፣ አትቀየሚኝ» አለኝ። የእርስዎን መልስ ጠበቅሁ። ከከድሩ ሱቅ በር ላይ አልጠፋም ነበር፤ በስተመጨረሻ ሲያየኝ ሳልጠይቀው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ስድስት ቀን ሲቀር ወደ ኦቦ ጃለታ ወሰድኩት።

ኦቦ ጃለታን እንዳይቀየሟቸው። ቤዙን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ብዙ ካዩት በኋላ «ይህን የሠራው ሰው አዋቂ ነው። ምን አስቦ እንደሠራ ሳላውቅ መንካት እፈራለሁ፣ ጠይቂው» አሉኝ። «ጠይቄው፣ ይቻላል ብሎኛል» አልኳቸው። «እንግዲያስ ራኮ ሂንቀቡ» አሉ፣ ችግር የለውም ማለታቸው ነው። አጥንቱን ለወጡት፣ ብረቱን አዛወሩት፣ ክሮቹን ገለበጡት።

ጋሼ፣ አምስት ቀን ተጫወትኩበት። ልደብቅዎ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ልምምድ ላይ ያቤጽ ኪቦርዱን አቁሞ «ይኼን የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ።

ሱሉልታ አዳራሹ ብርድ ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ቀጭ አለ። የመጀመሪያ ሐሳቤ የሰው ወንበር ተሰበረ የሚል ነበር። ከዚያ ወፍራሙ ክር ላልቶ እጄ ላይ ወደቀ። አንገቱ ከራሱ እስከ አምስተኛው የብረት መስመር ተሰንጥቋል። ሰዉ እያጨበጨበ ነው፣ ማንም አላየም፣ ያቤጽ ቀጠለ። እኔ የተሰነጠቀውን በእጄ ጨብጬ እስከ መጨረሻው ድረስ ፈገግ ብዬ ቆምኩ። ሲያበቃ ያቤጽ ገመዶቹን እየጠቀለለ «ኤዱዬ፣ በቃ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ፋብሪካው ተመልሼ ገብቻለሁ። የድሮ ማሽኔን ሌላ ልጅ ይዛዋለች፣ እኔን ማሸጊያ ክፍል አስገቡኝ።

እኔ ቂም ይዤብዎ አላውቅም። የዋሸሁት እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ይህም ደብዳቤ ይቅርብኝ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ለፋሲካ መጥተው ከፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ምን አሳይዎታለሁ?

ይምጡ ብቻ።

ኤዶም


ደርባን፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ሰበታ የደረሰው ግንቦት 6)

ኤዶም፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። በእንጨቱ አላዘንኩም፣ እንጨት ይሰበራል። አንቺም ጥፋት የለብሽም። ሰው ስጦታ ሲሰጥ ይጠይቃል። እኔ ሳልጠይቅሽ ነው የሠራሁት። ያኔ ሳስርሽም አልጠየቅሁሽም ነበር።

እንዲያው ሳስበው እንቅልፍ ያጣሁት ላንቺ ነበር ወይስ ለራሴ? ቤዙን የሠራሁት እኔ እንድተኛ ነው። ስተኛ አንቺ ሥራሽን አጣሽ። አንድ ጊዜ በመቀነት አሰርኩሽ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በስጦታ።

ጉባኤ መሄድ ትቻለሁ። «ተፈታች» ብዬ መስክሬ አሁን ምን ብዬ ልቁም? መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ይለኛል።

ለፋሲካ አልመጣም። የምመጣው እጅሽን ለማየት ነበር፣ አሁን ማየቱን አልችልም። መሥሪያው ተሸጧል፤ ከዚህ ራቅ ብሎ ወደ መሀል አገር አንድ እርሻ ላይ የአናጢ ሥራ አለ ብለውኝ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ በዚህ አድራሻ አትጻፊ። የህያንም አታስቸግሩት፣ የምሄድበትን አልነገርኩትም።

እናትሽን አደራ። ምንም እንዳትጠይቂያት።

ይገዙ


ሰበታ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አጎቴ ለጋሽ ይገዙ፣

ያሉበትን የሚያውቅ ጌታ ይህችን ወረቀት ይምራት።

ደብዳቤዎ የደረሰን ፋሲካ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጠብቀንዎት ነበር። እናቴ የእሷን አልጋ ለእርስዎ አንጥፋ መሬት ላይ ተኛች። ሁለት ሌሊት እንደዚያ አደረች፣ በሦስተኛው አልጋውን ሰበሰበችው።

ትናንት ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እናትሽን ምንም እንዳትጠይቂያት» የሚለው ላይ ስደርስ «አቁሚ» አለችኝ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አንዱንም አልቀየርኩም።

«ይገዙ ወንድሜ፣ እኔ አጸደ ነኝ። ዛሬ ለልጄ ነገርኳት። እሰራት ብዬ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። አንተ ገና ለጋ ወጣት ነበርክ፣ የምትበላው በቤቴ ነው፣ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበረህም። አባቷ ሞቶ እሷን ዘመድ ቤት ላስቀምጥ ሳስብ፣ ግራኝ ልጅ ማን በማዕዱ ያስቀምጣል ብለው አስፈራሩኝ። እኔ ራሴ ላስራት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። መቀነቱንም ከወገቤ ፈትቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። አንተ ስታስራት በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። በኋላ ልጄ በማን ሐሳብ ነው የታሰርኩት ስትለኝ በአጎትሽ አልኳት። አንተም ሰምተህ ዝም አልከኝ። ባሕር ተሻግረህም ዝም አልከኝ። ያን ቤዝ ሳየው ለምን እንደሠራኸው ወዲያው ገብቶኛል፤ ጓሮ ወጥቼ ተመልሼ መግባት አቃተኝ። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ልጄ አትዋሽህም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብቻህን ተሸክመህ አትሂድ። ና ወንድሜ። እጇን አትይ፣ እኔን እይ።»

እዚህ ላይ አበቃች። አንብቢልኝ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። እኔ ለእሷ ምን እንደምላት እስካሁን አላውቅም ጋሼ። ትናንት ማታ አብረን በላን።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዘን ወደ ከድሩ ሱቅ መጣን፤ ይህን የምጨምርልዎ እዚሁ ባንኮኒው ላይ፣ ፖስታው ሳይታሸግ ነው። ወደ ደርባን ደውሎ የህያን ጠየቀልን። መሥሪያው በሩ ተቆልፏል፣ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው የለም ብሏል። «እማማ አጸደ፣ ብልከውም የሚቀበል ሰው የለም» አላት ከድሩ። እናቴ ፖስታውን ከእጄ ወስዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለትና «ግድ የለም፣ ይሂድ» አለችው።

ኤዶም